የሩቁ ኮረብታ ሣር፦ ከመንዝ ጓሳ የምንማረው የጋራ መሬት አጠባበቅ

ለደጋና ለውርጭ ቀበሌዎች ሞዴል አርሶ አደሮች የተዘጋጀ የሥልጠና ጽሑፍ



በብዙ የደጋ ቀበሌዎች ከመንደሩ ራቅ ብሎ፣ ከማሳዎች ሁሉ በላይ፣ ሣር የለበሰ ኮረብታ ይገኛል። ብርዱ ስለሚጠና ማንም ቤት አይሠራበትም። ገበያም ትምህርት ቤትም ስለሚርቀው ከእረኛና ከሣር አጫጅ በስተቀር ብዙ ሰው አይደርስበትም። በዚህ ምክንያት “ባዶ መሬት” ሲባል እንሰማለን። ዳሩን የሚያርስ ሰው በየዓመቱ አንድ ሁለት ትልም ወደ ላይ ሲገፋ “ተዉት፣ ባዶ ነው” ይባላል። ከዓመታት በኋላ ግን ታች ያለው ምንጭ በየካቲት ሲደርቅ፣ በክረምት ደግሞ ጎርፉ የገብሱን ማሳ ሲጠርግ ምክንያቱን ሌላ ቦታ እንፈልጋለን።

የዚህ ትምህርት ዓላማ ያ ኮረብታ ምን ሥራ እየሠራላችሁ እንደሆነ ማሳየት፣ የመንዝ ሕዝብ የጓሳን ሣር ለረጅም ዘመን እንዴት እንደጠበቀ ማስረዳት፣ እንዲሁም በራሳችሁ ቀበሌ ልትሠሩበት የምትችሉትን ዘዴ ከነስሌቱ ማቅረብ ነው።

1. ጓሳ የት ነው? ምንስ አለው?

ጓሳ በአማራ ክልል በሰሜን ሸዋ ዞን፣ በመንዝ ጌራ ምድር ወረዳ፣ ከመሐል ሜዳ ከተማ ብዙም ሳይርቅ የሚገኝ ከፍተኛ ቦታ ነው። ከፍታው ከባሕር ወለል በላይ ከ3,200 ሜትር ይጀምርና 3,700 ሜትር አካባቢ ይደርሳል። ስፋቱ 100 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ይህም ወደ 10,000 ሄክታር ይጠጋል። ስሙን ያገኘው ጓሳ ከሚባለው ረጅም ሣር ነው።

በስተ ምሥራቅ መሬቱ በገደል ተቆርጦ ወደ ስምጥ ሸለቆ ይወርዳል። ከዚህ በኩል የሚፈሰው ውኃ ወደ አዋሽ ይሄዳል። ወደ ምዕራብ የሚፈሰው ደግሞ ወዲያና ወዲህ ከሚገናኙ ወንዞች ጋር ሆኖ በመጨረሻ አባይን ይቀላቀላል። ስለዚህ በዚያ ኮረብታ ላይ የሚበቅለው ሣር ብዙ ርቆ የሚኖር ገበሬንም ይመለከታል።

ከሣሩ ሌላ ጅብራ፣ አስታ፣ ጦስኝ፣ እንዲሁም ለማገዶ የሚፈለገው ጭረንፊ ይበቅሉበታል። ጭላዳ ዝንጀሮና ቀይ ቀበሮም መኖሪያቸው እዚያ ነው። ቀይ ቀበሮ ከኢትዮጵያ ውጭ በሌላ አገር አይገኝም፤ በዓለም ላይ የቀሩት አዋቂዎቹ ከ500 አይበልጡም። ዋና ምግቡ አይጥ ነው። በሣር መሬት ላይ አይጥ የሚቀንስ አውሬ ለገበሬ ጠላት አይደለም። ለእርሱ ከትልልቅ ስጋቶች አንዱ ከመንደር ውሾች የሚተላለፈው የእብድ ውሻ በሽታ በመሆኑ፣ ከእንዲህ ያለ ቦታ አጠገብ የምትኖሩ ሁሉ ውሾቻችሁን ማስከተብ ይኖርባችኋል። ክትባቱ ልጆቻችሁንና ከብቶቻችሁንም ይጠብቃል።

ጓሳ ሣር ለመንዝ ሰው የቤት ክዳን ነው፣ ገመድ ነው፣ መጥረጊያ ነው፣ በዝናብ ጊዜ የሚደረብ ገሳ ነው። ድርቅ ሲጠና ደግሞ ለከብት የመጨረሻ መጠጊያ ነው።

2. ሣር የለበሰ ኮረብታ ምን ይሠራል?

ሀ/ ውኃ ያስቀምጣል። በአንድ ሄክታር መሬት ላይ 30 ሚሊ ሜትር ዝናብ በአንድ ቀን ቢጥል 300,000 ሊትር ውኃ ወረደ ማለት ነው። ይህ 200 ሊትር በሚይዝ በርሜል ቢለካ 1,500 በርሜል ይሞላል። ጥያቄው ይህ ሁሉ ውኃ ወዴት ይሄዳል የሚለው ነው። በተራቆተ መሬት ላይ የዝናቡ ጠብታ አፈሩን እየመታ ቀዳዳውን ይደፍነዋል፤ ውኃውም ሳይሰርግ ተንደርድሮ ይወርዳል። በሣር መሬት ላይ ግን ጠብታው በቅጠሉ ላይ ያርፋል፣ በግንዱ በኩል ቀስ ብሎ ይወርዳል፣ ሥሩ በከፈተው መንገድ ወደ ውስጥ ይሰርጋል። ከጓሳ ሣር ሥር ያለው አፈር ጥቁርና ብስባሽ የበዛበት በመሆኑ ብዙ ውኃ ይይዛል። በበጋ ከታች የምትቀዱት የምንጭ ውኃ በክረምት ከላይ የሰረገው ነው።

ለ/ አፈር ይይዛል። ከአንድ ሄክታር ላይ አንድ ሚሊ ሜትር አፈር ብቻ ቢታጠብ 10 ሜትር ኩብ ይሆናል። ክብደቱ ቢያንስ 100 ኩንታል ገደማ ነው። አንድ አህያ 50 ኪሎ ብትጭን 200 የአህያ ጭነት አፈር ማለት ነው። አንድ ሚሊ ሜትር የጥፍር ውፍረት ያህል ስለሆነ ሲሄድ ለዓይን አይታይም፤ የሚታየው ድንጋዩ ሲያገጥጥ ነው።

ሐ/ መኖ ይሰጣል። ይህን በክፍል 5 በስሌት እናየዋለን።

3. ቢታረስስ?

ብዙ ወጣቶች መሬት የላቸውም። ኮረብታውን ሲያዩ ገብስ ማየታቸው አያስደንቅም። ስለዚህ “አይታረስም” ብሎ መከልከል ብቻ በቂ አይደለም፤ ምክንያቱን ማስረዳት ያስፈልጋል።

አንደኛ፣ ከፍታ በ1,000 ሜትር በጨመረ ቁጥር ሙቀት በ6 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ያህል ይቀንሳል። ከ3,300 ሜትር በላይ ገብስ ቀስ ብሎ ስለሚያድግ አበባው ወይም እሸቱ ከውርጭ ጋር ይገናኛል። በአንዱ ዓመት ቢያበላ በሌላው ዓመት ዘሩን እንኳ ላይመልስ ይችላል።

ሁለተኛ፣ የመጀመሪያዎቹ ዓመታት ምርት ያታልላል። አዲስ የተገለበጠው አፈር ለብዙ ዘመን የተከማቸ ብስባሽ ስላለው ሰብሉ ያምራል። ብስባሹ ሲያልቅና አፈሩ ሲታጠብ ግን ምርቱ ይወርዳል። መሬቱ ከተተወ በኋላም የቀድሞው ሣር ቶሎ አይመለስም። ጓሳ ሣር በቁጥቋጦ መልክ እየተጠቀጠቀ የሚያድግ፣ በብርድ ምክንያት እድገቱ የዘገየ ሣር ነው። ሞፈር በአንድ ቀን የነቀለውን ለመመለስ ብዙ ዓመታት ይጠይቃል።

ሦስተኛ፣ ሕጉ ገደብ አስቀምጧል። በ1997 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል የገጠር መሬት አስተዳደርና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 456 ተዳፋትነቱ ከ60 በመቶ በላይ የሆነ መሬት ለእርሻና ለልቅ ግጦሽ እንዳይውል፣ ለዛፍ፣ ለቋሚ ተክልና ለመኖ ልማት እንዲውል ደንግጎ ነበር። በዚሁ አዋጅ ከ31 እስከ 60 በመቶ የሆነውም ዓመታዊ ሰብል የሚዘራበት የጠረጴዛ እርከን ሲሠራለት ብቻ ነበር።

ተዳፋትን በቀላሉ ለመለካት 2 ሜትር ርዝመት ያለው ቀጥ ያለ እንጨት ያዙ። አንዱን ጫፍ ከላይ በኩል መሬት ላይ አሳርፉ፤ በግማሽ ውኃ የሞላ ጠርሙስ በእንጨቱ ላይ አጋድማችሁ እንጨቱ ልክ እስኪሆን ሌላውን ጫፍ አንሡ። ከተነሣው ጫፍ እስከ መሬት ያለውን ለኩ። 60 ሳንቲ ሜትር ከሆነ ተዳፋቱ 30 በመቶ ነው፤ 1 ሜትር ከ20 ከሆነ 60 በመቶ ነው። በአንድ ቦታ ብቻ አትወሰኑ፤ ቢያንስ በአምስት ቦታ ለኩ።

4. የመንዝ ሰው እንዴት ጠበቀው?

ጓሳ ሳይታረስ የቆየው የሚመኘው ስላልነበረ አይደለም። ቄሮ የሚባል የሕዝብ ሥርዓት ስለነበረው ነው። ይህ ሥርዓት ከ17ኛው መቶ ዓመት ጀምሮ እንደነበረ ይነገራል። ባለመብቶቹ የአስቦና የጌራ ተወላጆች ሲሆኑ መብታቸው ከአጽመ ርስት ጋር የተያያዘ ነበር። መሬቱ ለሁለቱ ወገኖች ተከፍሎ፣ ከዚያም በየአጥቢያው ይከፋፈል ነበር። አለቆቹን የሚመርጡት ተጠቃሚዎቹ ራሳቸው ናቸው።

የሥርዓቱ ዋና ዋና ነጥቦች እነዚህ ናቸው፦

• መዝጋትና መክፈት፦ ጓሳ እንደ ሣሩ እድገት እየታየ ከ3 እስከ 5 ዓመት ይዘጋ ነበር። የሚከፈተው ሁሉም ሲስማማ፣ በበጋው ወራት፣ ቀኑ አስቀድሞ ተነግሮ ነው። ክረምቱ ሲገባ ተመልሶ ይዘጋል።
• ቅደም ተከተል፦ ሲከፈት መጀመሪያ ሣሩ ይታጨዳል፤ ከብት የሚገባው ከዚያ በኋላ ነው።
• ጥበቃ፦ ጥበቃው በተራ የሚደርስ የሁሉም ግዴታ ነበር። በተዘጋበት ጊዜ ያጨደ ወይም ከብት ያስገባ ሰው ይቀጣል። ተራው ደርሶ የቀረም አይታለፍም።
• ማስታወቅ፦ ውሳኔው በቤተ ክርስቲያን፣ በቀብርና በገበያ ላይ ስለሚነገር “አልሰማሁም” ማለት አይቻልም ነበር።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት እንዲሆን ሲታወጅ የርስት ሥርዓት ቀረ። ከርስቱ ጋር የተሳሰረው ቄሮም አብሮ ፈረሰ። አዋጁ ለብዙ ጢሰኛ መሬት አስገኝቷል፤ በጓሳ ግን አሮጌው ጠባቂ ሲነሣ ወዲያው የሚተካው አልነበረም። ሣሩ ያለ ጊዜው ታጨደ፣ ከብት በዛበት፣ ዳር ዳሩም ታረሰ። በኋላ በዙሪያው ያሉ ቀበሌዎች ተወካዮቻቸውን መርጠው ኮሚቴ አቋቋሙ፣ መተዳደሪያ ደንብ አወጡ፣ ከመካከላቸውም ጠባቂዎችን ቀጠሩ። ቦታው በክልሉ መንግሥት ደንብ የማኅበረሰብ ጥብቅ ሥፍራ ሆኖ ዕውቅና አግኝቷል። ዛሬ ከሣሩ ሌላ ጎብኚ ይመጣበታል፤ የማኅበረሰብ ማረፊያም ተሠርቶለታል።

ከዚህ ታሪክ ሁለት ነገር እንያዝ። የመጀመሪያው፣ ጥበቃው የሠራው ተጠቃሚው ራሱ ሕግ አውጪም ጠባቂም ስለነበረ ነው። ሁለተኛው፣ የጥንቱ ቄሮ የዘር ሐረግ የሌለውን ሰው ያገለለ ነበር። አንድ ሰው ከጥቅሙ ከተገለለ የመጠበቅ ምክንያት አይኖረውም። ስለዚህ እኛ የምንወስደው የመዝጋት፣ የመክፈትና የመጠባበቅ ብልሃቱን እንጂ የማግለል ልማዱን አይደለም።

5. የኮረብታችሁን ሣር መለካትና ማካፈል

ደረጃ 1፦ ምን ያህል መኖ ያስፈልጋል? አንድ ከብት በቀን የክብደቱን 2.5 በመቶ ያህል ደረቅ መኖ ይበላል። 250 ኪሎ የሚመዝን በሬ በቀን 6.25 ኪሎ ይፈልጋል ማለት ነው። 25 ኪሎ የምትመዝን በግ ደግሞ በቀን 0.75 ኪሎ ገደማ ትበላለች። ሁለት በሬ፣ አንድ ላምና 10 በግ ያለው ቤተሰብ ለ120 የበጋ ቀናት የሚያስፈልገው፦

ከብቶቹ፦ 3 × 6.25 × 120 = 2,250 ኪሎ
በጎቹ፦ 10 × 0.75 × 120 = 900 ኪሎ
በድምሩ፦ 3,150 ኪሎ ወይም 31.5 ኩንታል

ደረጃ 2፦ ኮረብታው ምን ያህል ያፈራል? አራት እንጨት አያይዛችሁ በየጎኑ 1 ሜትር የሆነ ማዕቀፍ ሥሩ። ሳትመርጡ በ10 ቦታ ጣሉት። በማዕቀፉ ውስጥ ያለውን ሣር ከመሬት አራት ጣት ያህል አስቀርታችሁ እጨዱ፣ አድርቁ፣ መዝኑ። የአሥሩን ድምር ለ10 አካፍሉ። አማካዩ ሩብ ኪሎ ከሆነ ከአንድ ሄክታር 2,500 ኪሎ ድርቆሽ ይገኛል ማለት ነው።

ደረጃ 3፦ ኮረብታውን ክፈሉት። ለምሳሌ ኮረብታው 24 ሄክታር ቢሆን በሦስት 8 ሄክታር ይከፈላል። በየዓመቱ አንዱ ክፍል ለድርቆሽ ይታጨዳል፤ ሁለቱ ያርፋሉ። የሚያርፈው ሣር ሥሩን ያጠነክራል፣ ዘሩን ያረግፋል፣ ለክዳንና ለገመድ የሚሆን ርዝመትም ያወጣል። ከባድ ድርቅ ቢመጣ ደግሞ መጠባበቂያ ይሆናል። በምሳሌው መሠረት ከ8 ሄክታር 20,000 ኪሎ ወይም 200 ኩንታል ይገኛል። ለ80 አባወራና እማወራ ሲካፈል ለእያንዳንዱ ቤት 2.5 ኩንታል ይደርሳል።

እዚህ ላይ እውነቱን እንነጋገር። የሚያስፈልገው 31.5 ኩንታል ሆኖ ከኮረብታው የሚደርሰው 2.5 ኩንታል ነው። ኮረብታው ብቻውን ከብቱን ሁሉ ሊያኖር አይችልም። ልቅ ግጦሽ የሚያጠፋውም ይህን ስለምንዘነጋ ነው። ነገር ግን 2.5 ኩንታል ጥሩ ድርቆሽ ለአንዲት የምትታለብ ላም የ40 ቀን መኖ ነው፤ ወይም ሁለቱ በሬዎች ለበልግ እርሻ ከመጠመዳቸው በፊት ለ20 ቀን ጉልበት ይሆናቸዋል። ቀሪው ከገብስና ከባቄላ ገለባ፣ በጓሮና በማሳ ዳር ከሚለማ አጃ፣ ቬች፣ ፋላሪስና ትሪ ሉሰርን መገኘት አለበት። ከዚያም በላይ የማይሠራና የማይታለብ ከብት ከበጋው በፊት ሸጦ መቀነስ ያስፈልጋል።

ደረጃ 4፦ በጊዜው እጨዱ። ለድርቆሽ የሚሆን ሣር የሚታጨደው ግማሽ ያህሉ ሲያብብ ነው። ዘሩ ደርቆ እስኪረግፍ ከቆየ ክብደት ይኖረዋል እንጂ ምግብነቱ ይቀንሳል። ሣሩን አሳስታችሁ አስጡ፣ እያገላበጣችሁ አድርቁ፣ አረንጓዴ መልኩን ሳይለቅ ሰብስቡ። ክምሩን ከመሬት ከፍ ባለ ርብራብ ላይ አድርጉት፤ አናቱንም ክደኑት። ለክዳን የሚሆነው ግን በተቃራኒው በስሎና ረዝሞ የሚታጨደው ነው። ሁለቱን አታደባልቁ።

6. መተዳደሪያ ደንብ ስታወጡ

ደንቡ አጭርና ሁሉም በቃሉ ሊይዘው የሚችል ይሁን። ቢያንስ እነዚህን ይመልስ፦

1/ ተጠቃሚው ማን ነው? ስም ዝርዝር ይኑር። መሬት የሌላቸው ወጣቶችና በሴት የሚመሩ ቤቶች በዝርዝሩ ውስጥ ይግቡ።
2/ ድንበሩ የት ነው? በቋሚ ድንጋይ ወይም በዛፍ ምልክት ይደረግበት። ድንበርተኛ ገበሬዎች ሁሉ በተገኙበት ይተከል።
3/ መቼ ይከፈታል? ለማን ስንት ሸክም? ሸክሙ በአንድ ዓይነት ገመድ ይለካ። አቅም ለሌላቸው ሽማግሌዎችና ለታመሙ በደቦ ይታጨድላቸው።
4/ ማን ይጠብቃል? በተራ ወይስ በክፍያ? በክፍያ ከሆነ ከየቤቱ ምን ያህል እህል ወይም ገንዘብ?
5/ ጥፋት ሲገኝ ምን ይደረጋል? ለመጀመሪያ ጊዜ ምክር፣ ለሁለተኛ ጊዜ መቀጮ፣ ለሦስተኛ ጊዜ የዚያን ዓመት ድርሻ ማጣት ቢሆን ይመረጣል። ቅጣቱ የኮሚቴ አባል ሲያጠፋም በእኩል ይፈጸም። በአንድ ሹም ከብት የተጣሰ ደንብ በማግስቱ በሁሉም ከብት ይጣሳል።
6/ እሳት፦ በኮረብታው ላይ እሳት ማንደድ የተከለከለ ይሁን። ሰደድ እሳት ቢነሣ ማን እንደሚጠራና ማን እንደሚወጣ አስቀድሞ ይወሰን።
7/ ሒሳብ፦ የተሸጠ ሣርና የተሰበሰበ መቀጮ በዓመት አንድ ጊዜ በጉባኤ ይነገር።

መሬት ለሌላቸው ወጣቶች ኮረብታው ሌላ በር ሊከፍት ይችላል። ትርፍ ሣር አጭዶ መሸጥ፣ ገመድና መጥረጊያ መሥራት፣ በሚያርፉት ክፍሎች ዳር ዘመናዊ ቀፎ ማስቀመጥ፣ በታጨደ ሣር በግ ማድለብ ይቻላል። ለእነዚህ ሥራዎች ቅድሚያ በደንቡ ለወጣቶች ቢሰጥ ሊያርሱት የተዘጋጁት እጆች ጠባቂ ይሆናሉ።

7. በመጀመሪያው ዓመት የሚሠራ

መስከረም፦ ከልማት ሠራተኛችሁ ጋር ኮረብታውን ዙሩ፤ ተዳፋቱን፣ የታረሰውን ዳርና የተከፈተውን ቦረቦር መዝግቡ። የምንጮቹን ፍሰት ለመለካት 20 ሊትር ጀሪካን በስንት ደቂቃ እንደሚሞላ ጻፉ።
ጥቅምት፦ ሣሩን በማዕቀፍ ለኩ። የሚታጨደውን ክፍል ምረጡ።
ኅዳርና ታኅሣሥ፦ ደንቡን በጉባኤ አጽድቁ፤ በቀበሌው አስተዳደርና በመሬት አስተዳደር ኮሚቴ አስመዝግቡ።
ጥርና የካቲት፦ በተፋሰስ ሥራው ጊዜ ከኮረብታው ግርጌ ባለው ማሳ ላይ እርከን ሥሩ፤ ቦረቦሩን በድንጋይ ክትር አስሩ።
መጋቢትና ሚያዝያ፦ የምንጩን ፍሰት እንደገና ለኩ። በየዓመቱ በዚያው ቀን ብትለኩት ኮረብታው እያገገመ መሆኑን ወይም አለመሆኑን ምንጩ ራሱ ይነግራችኋል።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. በቀበሌያችሁ ያለው ኮረብታ ከ20 ዓመት በፊት እስከ የት ድረስ ሣር ነበር? ታላላቆችን ጠይቃችሁ ድንበሩን በመሬት ላይ አሳዩ።
2. ዛሬ ማን ይጠቀምበታል? ማን ተገልሏል? የተገለለውስ ለመጠበቅ ምን ምክንያት አለው?
3. ከብቶቻችሁን ቆጥራችሁ በክፍል 5 ስሌት መሠረት የበጋውን መኖ አስሉ። ስንት ኩንታል ይጎድላል? ከየት ይሞላል?
4. አስቀድሞ ዳሩን አርሶ የያዘ ጎረቤት ቢኖር ጉዳዩን ሳይጣሉ እንዴት መፍታት ይቻላል? በምትኩ ምን ሊደረግለት ይችላል?

እያንዳንዱ ሞዴል አርሶ አደር ይህን ትምህርት በልማት ቡድኑ ውስጥ ላሉ ጎረቤቶቹ እንዲያካፍልና ለሚቀጥለው ሥልጠና የሣሩንና የምንጩን ልኬት በጽሑፍ ይዞ እንዲመጣ ይጠበቃል።